ዳታ የማይበላ ቴሌቪዥን

በወላይታ ዞን፣ ከአረካ ከተማ አጠገብ ያለችው ዱቦ ለሩቅ ሰው የምትታወቀው በቅድስት ማርያም ሆስፒታሏ ነው። ጠጋ ብሎ ላያት ግን ጣሪያዎቿም የሚያወሩት አላቸው። ከእንሰቱ በላይ ብቅ ባለው ቆርቆሮ ላይ አንዳንዱ ቤት ሁለት ዲሽ ሰቅሏል። አንዱ ዝገት የበላው፣ ሞገድ ተቀባዩ ኤልኤንቢ ወልቆ ክንዱ ብቻ የቀረ፣ ፊቱን ወደ ምዕራብ የሰጠ ነው። ሌላው ቀለሙ ገና አልለቀቀም፤ ወደ ምሥራቅ አንጋጧል። የመጀመሪያው ናይልሳትን ሲያይ የኖረ ነው፤ ሁለተኛው ኢትዮሳትን ያያል።

የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ለዓመታት ናይልሳትና ዓረብሳት ላይ ተበታትነው፣ ኪራዩን በውጭ ምንዛሪ እየከፈሉ ኖረዋል። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ኤስ ኢ ኤስ ከተባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ጋር ተስማምቶ ጣቢያዎቹን ወደ አንድ ሰማይ የመሰብሰብ ሥራ ጀመረ። ኢትዮሳት የሚለው ስም የመጣው ያኔ ነው። ሳተላይቱ ራሱ አዲስ አልነበረም። ኤንኤስኤስ 12 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ በአሪያን 5 ሮኬት መጥቆ፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ፣ ከህንድ ውቅያኖስ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ አዲስ ሳተላይት ከማምጠቅ ይልቅ በየጣሪያው ያለውን ዲሽ ማዞር ተመረጠ። የዲሽ ሠራተኞች ያን ሰሞን እንጀራቸው በዚህ ነበር።

ሥራውን ያየ ሰው አይረሳውም። ሠራተኛው ቆርቆሮው ላይ ተንበርክኮ፣ በአንድ እጁ ቁልፍ፣ በሌላው የዲሹን ጠርዝ ይዞ በጣት ስፋት ያዞራል። ቤት ውስጥ ሪሞት የያዘ ልጅ ስክሪኑ ላይ ያሉትን ሁለት ዘንጎች እያየ ይጮኻል።

«ኳሊቲ ስንት አለ?»

«ሠላሳ!»

«አሁንስ?»

«ጠፋ! ... መጣ፣ መጣ! ስድሳ!»

«እንዳትነካው!»

ቡሎኑ ይጠብቃል፤ ቻናሎቹ ሰርች ይደረጋሉ። ወጪው የተከፈለው አንዴ ነው። ከዚያ በኋላ ለነጻ ጣቢያዎቹ በየወሩ የሚከፈል ነገር የለም።

ዲሹ ወደ ምሥራቅ መዞሩ ለወላይታ ሌላም ጥቅም አምጥቷል፤ ብዙ ሰው ግን አያነሳውም። ከዞኑ ዋና ከተማ ከሶዶ አካባቢ ሲታይ ናይልሳት በስተ ምዕራብ ከአድማሱ 38 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ኤንኤስኤስ 12 ደግሞ በምሥራቅ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ 66 ዲግሪ ላይ ይገኛል። ቴሌቪዥን የሚጓዝበት ኩ ባንድ የተባለው ሞገድ ዝናብ አይወድም፤ ጠብታው ጉልበቱን ይመጥጠዋል። ዝቅ ካለ ሳተላይት የሚመጣ ሞገድ ዝናቡን በአግድም ስለሚያቋርጥ ብዙ ይንከራተታል፤ ከፍ ካለው የሚመጣው ቶሎ ያልፋል። ሒሳቡ ሲሠራ፣ በዝናቡ ውስጥ የሚሄደው መንገድ በሲሶ ያህል አጥሯል ማለት ነው። በክረምት ከሰዓት በኋላ ዶፉ ሲወርድ ሥዕሉ አሁንም መሰባበሩ አይቀርም፤ ግን እንደ ድሮው ገና ሲያጉረመርም አይጠፋም። በመጋቢትና በመስከረም ገደማ ለጥቂት ቀናት፣ ረፋድ 5 ሰዓት አካባቢ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ለደቂቃዎች ሥዕል ቢጠፋም ዲሹን መነካካት አያስፈልግም። ፀሐይ በትክክል ከሳተላይቱ ጀርባ ገብታ ዲሹን እያደነቆረችው ነው፤ ስታልፍ ይመለሳል።

እስከ ጣሪያው ድረስ ሁሉም ሰላም ነው። ጠቡ የሚጀምረው ከጣሪያው በታች ነው።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ በአንድ ሳሎን ውስጥ ያለውን ፍላጎት ማስታረቅ ቀላል አይደለም። አባት ዜና ይፈልጋሉ። እናት ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ካመጣው ጊዜ ጀምሮ አገሩን የያዘውን በአማርኛ የተተረጎመ ተከታታይ ድራማ ለማየት ሥራቸውን ጨርሰው ተቀምጠዋል። አያት በወላይትኛ የሚቀርብ ዝግጅት ካለ ሌላው ሁሉ ቢቀር ደስ ይላቸዋል። ልጆቹ ኳስ ወይም ዘፈን ነው የሚሉት። ሪሲቨሩ አንድ ነው፤ ሪሞቱም አንድ ነው። በ1957 ዓ.ም. ጥቅምት 23 የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር፣ ከዚያም በ1977 ዓ.ም. ቀለም ሲገባ፣ እንዲህ ያለ ክርክር አልነበረም፤ ጣቢያው አንድ ስለነበር ያለውን ማየት ነበር። ምርጫ ሲበዛ ስክሪኑ ጠበበ።

ሁለተኛ ቴሌቪዥን የገዛ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው ገመዱን መክፈል ነው። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጥ መክፈያ አለ፤ ከዲሹ የመጣውን ገመድ ለሁለት ይሰነጥቀዋል። በሁለተኛው ሪሲቨር ላይ ግማሹ ቻናል ይከፈትና ግማሹ «ሲግናል የለም» ይላል። ባለቤቱ ሻጩን ይረግማል። ሻጩ ላይ መፍረድ ግን አይቻልም፤ ነገሩ የኤልኤንቢው ጠባይ ነው። ሳተላይቱ ሞገዱን የሚልከው በቁምና በአግድም አድርጎ ነው። ተራ ኤልኤንቢ በአንድ ጊዜ ሁለቱንም በአንድ ገመድ ማውረድ አይችልም። ሪሲቨሩ በዚያው ገመድ ወደ ላይ 13 ቮልት ከላከ ቁሙን፣ 18 ቮልት ከላከ አግድሙን ያወርዳል። 22 ኪሎኸርዝ የሆነ ምልክት ከታከለበት ደግሞ ከዝቅተኛው ባንድ ወደ ከፍተኛው ይሻገራል። ስለዚህ በአንድ ገመድ ላይ ሁለት ሪሲቨር የተቀጠለበት ኤልኤንቢ ሁለት ጌታ አለው ማለት ነው። አንዱ 13 ሲለው ሌላው 18 ይለዋል፤ የሚታዘዘው ለበረታው ነው።

የሚሠራ መፍትሔ አለ፤ ሁለት ወይም አራት መውጫ ያለው ኤልኤንቢ መግዛትና ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱን ገመድና የራሱን ሪሲቨር ማስገባት። ይህ በሶዶ ሆቴሎች ያምራል። በተራ ሰው ቤት ግን ግድግዳ መብሳት፣ ብዙ ሜትር ገመድና ሦስት ሪሲቨር ማለት ነው። ብዙው ሰው ይህን ይተውና ከሪሲቨሩ ወደ ሌላኛው ቴሌቪዥን አንድ ገመድ ይወስዳል። መኝታ ቤትም ሳሎንም ያኔ ያንኑ ያያሉ። ጠቡ አልቀረም፤ በግድግዳ ተከለለ እንጂ።

ሦስተኛውን መንገድ ያመጣው፣ ነገሩ ሲገጥም፣ ያው ኢትዮሳትን የተሸከመው ኩባንያ ነው። ኤስ ኢ ኤስ እ.ኤ.አ. በ2012 ስካይ ከተባለው የብሪታንያ ቴሌቪዥንና ክራፍትወርክ ከተባለ የሶፍትዌር ድርጅት ጋር ሆኖ ሳት አይፒ የሚባል አሠራር ይፋ አደረገ። በ2014 ደግሞ ኢኤን 50585 በሚል ቁጥር የአውሮፓ ደረጃ ሆነ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ቻናል የመፈለጉን ሥራ ከእያንዳንዱ ቴሌቪዥን ላይ አንስቶ ለአንድ ሣጥን መስጠት፤ ሣጥኑ ሥዕሉን ኮምፒውተርና ስልክ በሚግባቡበት የአይፒ ቋንቋ ተርጉሞ በቤቱ ዋይፋይ ወይም የኔትወርክ ገመድ ላይ እንዲለቀው ማድረግ። ከዚያ በኋላ ስልክ፣ ታብሌት፣ ላፕቶፕና ስማርት ቴሌቪዥን ሁሉ የዲሽ ገመድ ሳይነካቸው የሳተላይት ቻናል ያያሉ።

ውስጡ ሲታይ ይበልጥ ያስገርማል። ከሳተላይት የሚወርደው ሥዕል እያንዳንዳቸው 188 ባይት በሆኑ ትንንሽ እሽጎች ተቆራርጦ ነው የሚመጣው። ሣጥኑ ሰባቱን ያስርና 1,316 ባይት ያደርጋቸዋል፤ በተራ የቤት ኔትወርክ አንዱ ጥቅል የሚይዘው እስከ 1,500 ስለሆነ ሰባቱ ልክ ይገባሉ፣ ስምንተኛው ግን አይገባም። ስልኩ «ይህን ቻናል ስጠኝ» የሚል አጭር መልእክት ይልካል፤ በመልእክቱ ውስጥ ፍሪኩዌንሲው፣ ቁም ይሁን አግድም፣ ሲምቦል ሬቱ ሁሉ ተጽፏል። ዲሽ ሠራተኛው በሪሞት የሚሞላቸው እነዚያው ቁጥሮች ናቸው። ሣጥኑ ተቀብሎ ኤልኤንቢውን ያዛል፣ የመጣውን ያሽጋል፣ ይልካል። ሥዕሉ ዳግም አይጨመቅም፣ ጥራቱም አይቀነስም፤ ከሰማይ እንደመጣ ያልፋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «በኢንተርኔት» ሲባል ዳታ የሚቆረጥ ይመስላል። በሳት አይፒ ግን አንድ ሜጋባይት እንኳ ከፓኬጅ አይቀነስም። የተወሰደው የኢንተርኔት አነጋገር እንጂ ኢንተርኔቱ ራሱ አይደለም። ሥዕሉ ከሰማይ ወደ ዲሽ፣ ከዲሽ ወደ ሣጥን፣ ከሣጥን ወደ ስልክ ሲሄድ ከግቢው አይወጣም።

በዱቦም ሆነ በሶዶ ለዚህ ሣጥን ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። ገበያ ላይ ካሉት ርካሽ ሪሲቨሮች ብዙዎቹ፣ ባለቤታቸው ሳያውቅ፣ የዚህን ነገር ታናሽ ወንድም በሆዳቸው ይዘዋል። በሪሲቨሩ ዩኤስቢ ላይ ትንሿ የዋይፋይ ዶንግል ትሰካለች። አንዱ ስልክ ዳታውን ዘግቶ ሆትስፖት ብቻ ይከፍታል። ሪሲቨሩ ከሆትስፖቱ ጋር ይገናኛል። ጂ ኤም ስክሪን የሚባለው አፕ ስልክ ላይ ሲከፈት ሪሲቨሩን ፈልጎ ያገኘዋል፤ የቻናሉ ዝርዝር ስልኩ ላይ ይደረደራል። አብዛኛው ሰው ይህን አፕ የሚያውቀው ሪሞት ሲጠፋ ወይም ባትሪው ሲያልቅ ቻናል መቀየሪያ አድርጎ ነው። ከዝርዝሩ ጎን ያለችውን የማጫወቻ ምልክት የነካ ግን ሥዕሉን መዳፉ ላይ ያገኘዋል። ዳታው እንደተዘጋ ነው።

አንድ ገደብ አለ። እንዲህ ያለው ሪሲቨር ሞገድ የሚያጠምድበት ቲዩነር አንድ ብቻ ነው። ቲዩነሩ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ትራንስፖንደርን ነው፤ ትራንስፖንደር ማለት ብዙ ጣቢያዎች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ተጭነው የሚመጡበት የሳተላይቱ መስመር ነው። ሳሎን ያሉት የሚያዩት ቻናልና መኝታ ቤት ያለው ልጅ የሚፈልገው ቻናል በአንድ ትራንስፖንደር ላይ ከሆኑ፣ ሶፍትዌሩ የሚፈቅድ ሪሲቨር ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይሰጣል። በተለያየ ላይ ከሆኑ ግን ልጁ ቻናል ሲቀይር የሳሎኑ ሥዕል አብሮ ይዘላል፤ ወዲያው ከሳሎን ጩኸት ይሰማል። የአገር ቤት ጣቢያዎች በናይልሳትና በዓረብሳት ተበታትነው በነበረበት ዘመን ይህ ዘዴ ብዙም አያዋጣም ነበር። በአንድ ሳተላይት ላይ፣ አንዱ ትራንስፖንደር ከአሥር በላይ ጣቢያ ሊሸከም በሚችልበት ሁኔታ ግን ርካሹ ሪሲቨር ሳይታሰብ ጠቃሚ ሆኗል። ኢትዮሳት ሲታቀድ ይህን ያሰበ ሰው የነበረ አይመስልም።

ሙሉውን ለሚፈልግ ከአንድ በላይ ቲዩነር ያለው ሳት አይፒ ሣጥን አለ፤ አራት ወይም ስምንት ቲዩነር ያላቸውም ይሸጣሉ። ኮምፒውተር የሚነካካ ወጣት ደግሞ ራሱ መሥራት ይችላል። ራዝበሪ ፓይ የምትባለውን መዳፍ የማትሞላ ኮምፒውተርና በዩኤስቢ የሚሰካ የሳተላይት ቲዩነር አገናኝቶ፣ ቲቪ ሄድኤንድ የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር ከጫነባት፣ ቤቱ የራሱ ማሠራጫ አለው ማለት ነው። ስልኩ ላይ ቪኤልሲ ካለ ሌላ አፕ እንኳ ላያስፈልግ ይችላል።

በእርግጥ ይህ አገር አንድ ዲሽ ለብዙ ስክሪን ሲያድል የመጀመሪያ ጊዜው አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበረ ሁሉ ፕላዝማን ያስታውሳል። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው የሒሳብ፣ የፊዚክስ፣ የባዮሎጂና የሌሎች ትምህርቶች ቅጂ ከአዲስ አበባ ወደ ሳተላይት ይላክ፣ በየትምህርት ቤቱ ግቢ በቆመ ዲሽ ይወርድ፣ ከዚያ በገመድ ወደ ክፍሎቹ ይከፋፈል ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ሲማር ጎረቤቱ አሥረኛ ክፍል ኬሚስትሪ ይከታተላል። ምንጫቸው ግን አንዲት ዲሽ ናት። በመቶ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ተማሩ። በቴክኒኩ በኩል፣ ለዘመኑ፣ ደፋር ሥራ ነበር።

ያልተሳካው ሌላው ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ፣ ያውም ጆሮ ባልለመደው ቅላጼ፣ ሲገሰግስ አስተማሪው ጥግ ላይ ቆሞ ያያል። የክፍለ ጊዜው አብዛኛው የስክሪኑ ነው፤ ለሥጋ ለባሹ መምህር የሚቀረው መግቢያና መዝጊያው ላይ ያለች ጥቂት ደቂቃ ናት። የዚያ ዘመን ተማሪዎች እስከዛሬ የሚሳሳቁበት ነገር አለ። ፕላዝማው ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰኮንድ ይጠብቃል፣ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሳለ «በጣም ጥሩ» ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። አቁሙልኝ፣ ድገሙልኝ ማለት አይቻልም። መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ትምህርቱ አብሮ ጠፋ፤ የጠፋው ክፍለ ጊዜ ተመልሶ አይመጣም። የዛሬው የቤት ኔትወርክ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው። ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ የተሰካበት ሪሲቨር ቀድቶ ያስቀምጣል፤ ያመለጠው ልጅ ማታ ደግሞ ያየዋል። በሳተላይት የሚተላለፍ የትምህርት ዝግጅት ዛሬም አለ። በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አንድ ሪሲቨርና አንድ የዋይፋይ ሳጥን ቢቀመጥ ተማሪዎች በስልካቸው ሊከታተሉት ይችላሉ። ፕላዝማ ስክሪን መግዛት አያስፈልግም፤ ስልኩ አስቀድሞ ኪሳቸው ውስጥ ነው።

«ታዲያ ሁሉም ነገር ዩቲዩብ ላይ አለ፣ ዲሽ ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ በተለይ ከአዲስ አበባ ይመጣል። መልሱ በቁጥር ነው። ጥራት ያለው አንድ ቻናል በሰከንድ 5 ሜጋቢት ገደማ ይወስዳል። በሰዓት ሲሰላ 2.25 ጊጋባይት ነው። ቤተሰቡ በቀን 4 ሰዓት ቢያይ 9 ጊጋባይት፣ በወር 270 ጊጋባይት ይሆናል። ይህ ለአንድ ስክሪን ነው፤ ሦስት ሰው በሦስት ስልክ የተለያየ ነገር ሲያይ በሦስት ይባዛል። ዩቲዩብ ጥራቱን ዝቅ ሲያደርግ ቁጥሩም ዝቅ ይላል፤ ያም ሆኖ በሞባይል ዳታ ለሚኖር የዱቦ ቤተሰብ ይህ የሚታሰብ ወጪ አይደለም። ሳተላይት የሚያሸንፈው እዚህ ነው። ለአንድ ሰውም ለአንድ ሚሊዮን ሰውም ሲያሠራጭ ወጪው ያው ነው፤ ተመልካች በጨመረ ቁጥር አይጨናነቅም። ኢንተርኔት ደግሞ ለእያንዳንዱ ተመልካች የየራሱን ቅጂ ይቀዳል። ስለዚህ ከሰማይ በነጻ የሚዘንበውን ትቶ ያንኑ ሥዕል በዳታ መግዛት፣ ሳት አይፒ ባለበት፣ ትርፍ ወጪ ነው። ዳታው ሳተላይት ላይ ለሌለው ነገር ቢቀመጥ ይሻላል።

ሌላም ምክንያት አለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። ከዚያ በፊትም በብሔራዊ ፈተና ሰሞን የተዘጋበት ጊዜ አለ። በእነዚያ ቀናት ዩቲዩብም ፌስቡክም ጸጥ ሲሉ ዲሹ ሥራውን ቀጥሏል። የቤት ዋይፋይ ከውጭ መስመር ጋር ባይገናኝም ሥዕሉን ከክፍል ክፍል ያደርሳል። ዲሽ ራሱ ከፖለቲካ ነጻ ሆኖ አያውቅም፤ በጥቅምት 2009 ዓ.ም. የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መመሪያ ኢሳትና ኦኤምኤን የተባሉትን ጣቢያዎች ማየት ከልክሎ ነበር። ግን ልዩነት አለ። ዲሽ የሚቀበል እንጂ የሚናገር ዕቃ ስላልሆነ ማን ምን እንደሚያይ ሳተላይቱ አያውቅም። በኢንተርኔት የሚያሳይ የስልክ አፕ ግን ያውቃል፤ ይመዘግባልም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የዱቦን ሰው የሚያስቸግረው መብራት ነው። ወላይታና ዳውሮ በሚዋሰኑበት በኦሞ ወንዝ ላይ የተገነባው ግልገል ጊቤ 3 በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ አቅሙ 1,870 ሜጋዋት ነበር። ከሶዶ ተነስቶ ኬንያ ሱስዋ ድረስ 1,045 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ባለ ከፍተኛ ቮልቴጅ መስመርም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ናይሮቢ በወላይታ በኩል በሚያልፍ ኃይል እየተጠቀመች፣ እዚሁ ዝናብ ሲመጣ ፊውዝ የሚወድቅበት ሰፈር አለ። ትልቁ ቴሌቪዥን ያኔ ጥቁር ሰሌዳ ነው። ትንሹ ሪሲቨር ግን ብዙ ጊዜ በ12 ቮልት ስለሚሠራ ከሶላር ባትሪ ጋር ይስማማል፤ ኤልኤንቢው ከሪሲቨሩ ይበላል፤ ስልኩ የራሱ ባትሪ አለው። ስለዚህ መብራት ጠፍቶም ዜና ማየት የሚቻልበት ርካሽ መንገድ ይኸው ነው። ሶላር ለመብራት ብቻ የገዛ ቤተሰብ ይህን ቢሞክረው አይከስርም።

ሳት አይፒ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ብዙ ቤት ያለው ዋይፋይ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራው አሮጌው ዓይነት ነው፤ ሦስት አራት ጥራት ያለው ሥዕል ሲጫንበት ያቃስታል። የጭቃ ግድግዳ ያሳልፈዋል፤ በቆርቆሮ የተለበጠ ግድግዳ ግን ይመልሰዋል። ማእድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ጓሮ ከሆነ ስልኩ «በማገናኘት ላይ» እያለ ይሽከረከራል። ለብዙ ስልክ በአንድ ጊዜ የሚለቀቀው መልቲካስት የሚባለው ዘዴ በገመድ ላይ ጎበዝ ቢሆንም በዋይፋይ ላይ ይሰናከላል። ስለዚህ የማይንቀሳቀሰውን ቴሌቪዥን በኔትወርክ ገመድ ማያያዝና ዋይፋዩን ለስልኮች መተው ይመከራል። ሻጮችም ይህን ሁሉ አይነግሩም፤ «ዋይፋይ አለው» ብለው ያልፋሉ። ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው ሌላ ነው። ሥዕሉን ወደ ስልክ የሚልከው ሳት ቱ አይፒ አለው ወይ? ቲዩነሩ ስንት ነው? በ12 ቮልት ይሠራል?

ሪሲቨርን ከኢንተርኔት ጋር የማገናኘት ነገር ሲነሳ በየሱቁ ቀድሞ የሚጠቀሰው ግን ይህ አይደለም፤ ሰርቨር ነው። የተቆለፉ የኳስና የፊልም ቻናሎችን መክፈቻ ቁልፍ በዓመት ክፍያ ከሩቅ የሚልክ ንግድ ነው። ቁልፉ በየ10 ሰኮንዱ ገደማ ስለሚቀየር ሪሲቨሩ ያለማቋረጥ መስመር ላይ መሆን አለበት፤ የሚላከው ግን ጥቂት ባይት ስለሆነ ደካማ ዳታም ይበቃዋል። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው፣ ሕጋዊ ግን አይደለም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የብሮድካስት ድርጅቶችን መብት ይጠብቃል። ደንበኛውም ዋስትና የለውም፤ ሰርቨሩ አንድ ቀን ሲጠፋ ገንዘቡን ማን ይመልስለታል? ብዙ ሰው ዶንግል የገዛው ለዚህ ነው። ዳታ የማይበላውን ሕጋዊ ጥቅሟን የሞከረ ግን ጥቂት ነው።

የኳሱ ጉዳይ በሳት አይፒ አይፈታም። የዞኑ እግር ኳስ ክለብ ወላይታ ድቻ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. የግብፁን ዛማሌክ፣ ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸንፎ፣ ካይሮ ላይ በዚያው ውጤት ተሸንፎ፣ በፍጹም ቅጣት ምት 4 ለ 3 ከኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ሲያስወጣ የዞኑ ሰው ውጤቱን በምን ጉጉት እንደተከታተለ ያየ ያውቀዋል። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ ደግሞ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ለአምስት ዓመት በተፈረመ ውል በክፍያ በሚታየው በዲኤስቲቪ መታየት ጀመረ። የዲኤስቲቪ ሥዕል የተቆለፈ ነው፤ ቁልፉ በራሱ ዲኮደር ውስጥ ስለሆነ ሳት አይፒ ሣጥን ቢቀበለው እንኳ ለስልኮች የሚያድለው ጥቁር ሥዕል ነው። ኩባንያው ለሁለተኛ ክፍል የሚያቀርበው መንገድ ሌላ ዲኮደር ገዝቶ ከመጀመሪያው ጋር ማያያዝ ነው። ሁለቱ የተለያየ ቻናል ያሳያሉ፤ ተጨማሪ ወርሃዊ ክፍያም አለው።

ይህን የሚችል ቤት በዱቦ ብዙ አይደለም። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ድራማው ሳሎን፣ ዜናው አባት ስልክ ላይ፣ ዘፈኑ ልጆች ክፍል ሆኖ ሁሉም በየፊናው ሲመለከት ቆይቶ፣ በዲኤስቲቪ ብቻ የሚታይ ጨዋታ ባለበት ሰዓት ወንዶቹም ሴቶቹም ተያይዘው ኳስ ወደሚያሳየው ቤት ይወጣሉ። በር ላይ የመግቢያውን ይከፍላሉ፤ አግዳሚው ሞልቶ ከሆነ የዘገየው ቆሞ ያያል።